አባባ ባህር ሂጂ አለኝ

እሺ አለኝ! ወይኔ፣ አባባ እሺ አለኝ! እኔ ገለቴ፣ ከአዲስ አበባ ወዲያ ሄጄ የማላውቅ የሰበታ ልጅ፣ ምጽዋ ወርጄ መርከብ እንድሳፈር አባቴ በገዛ አፉ "ሂጂ" አለኝ። "ሂጂ" ብቻ አይደለም፣ "ሂጂ፣ ደስ ይበልሽ" ነው ያለኝ። ሳቀም። አባባ እኮ ነው፣ ሳቀ!

ቆይ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ካልተናገርኩ እፈነዳለሁ፣ የምነግረው ሰው ደግሞ የለኝም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጓደኛዬ ማሪቱ ክረምቱን ዘመዶቿ ጋ ሱሉልታ ሄዳለች። ቤት ያለነው እኔና አባባ ብቻ ነን። አባባ ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው። ዱቄት ለብሶ ይገባል፣ ራቱን ይበላል፣ "ተመስገን" ይላል፣ ይተኛል። እማዬ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት፣ ሁለቱንም ዓመት እንዲሁ ነው። እኔ አወራለሁ፣ አወራለሁ፣ እሱ "እ" ይላል። ሲጨንቀኝ ለድመቷ አወራላታለሁ፤ እሷም መሃሉ ላይ ጥላኝ ትወጣለች።

ስለዚህ የክርስትና እናቴ ጋ እሄዳለሁ። እትዬ አረጋሽ ስልክ ቤት ነው የሚሠሩት። ያንን የጆሮ ነገር አጥልቀው ቀኑን ሙሉ ሰውን ከሰው ያገናኛሉ፣ ለሳቸው ግን የሚደውል የለም። ዘመዶቻቸው ጎንደር ናቸው፣ ባል የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም። እኔ ነኝ ያለሁላቸው። እንግዲህ ያንን የመርከብ ጉዞ ወረቀት ከፒያሳ ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው።

ሥዕሉን ብታዩት! ነጭ መርከብ፣ ፎቅ በፎቅ ላይ፣ አናቱ ላይ መዋኛ ያለው! ፈረንጆቹ ወንበር ላይ ተንጋለው ይስቃሉ።

"ይሄ ነው! ይሄ ነው!" አልኩ።

"አንቺ ፌንጣ፣ ቁጭ በይ። ይሄ ቤይሩት ድረስ ነው የሚሄደው። ዋጋውን አይተሻል?"

አየሁት። የእሳቸው የስንት ወር ደሞዝ ነው።

"ያለ ምሳ ብንሄድስ?"

"ያለ ምሳም፣ ያለ ራትም፣ ያለ መርከብም ብንሄድ አይበቃንም።"

ሁለተኛዋ መርከብ ትንሽ ናት። ጥቁር ናት፣ ጭስ ትተፋለች፣ ከምጽዋ ተነስታ አሰብና ጅቡቲ ደርሳ ትመለሳለች። መዋኛ የላትም። "ዙሪያሽን ባህር ከቦሽ መዋኛ ምን ያደርግልሻል?" አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። እሷም ላይ በሁለት ዓይነት ነው የሚሳፈሩት፤ ወይ ሰሌን ይዘው ውጪ ወለሉ ላይ፣ ወይ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ውስጥ።

"ወለሉ ይሻላል እትዬ፣ ብሩ ይተርፍዎታል።"

"ከፍየልና ከቴምር ጆንያ ጋር? እኔ አረጋሽ? ሰው ምን ይለኛል?"

"ማን ያይዎታል፣ ባህር ላይ?"

"ፍየሎቹ።"

ሳቅን ሳቅን! ከዛ እኔ፣ "እሺ፣ ክፍሉን ይያዙ። ብቻዎን ስለሆኑ ግማሹን ነው የሚከፍሉት አይደል?" አልኳቸው።

ወረቀቱን አጠፉት፣ መልሰው ዘረጉት። "እኔም እንደዛ መስሎኝ ጠየቅኳቸው። ክፍሉ የሁለት ሰው ነው አሉኝ። ብቻውን የሚሄድ ሰው የባዶውንም አልጋ ይከፍላል።"

"ማንም ያልተኛበትን?"

"ማንም ያልተኛበትን።" ወረቀቱን እንደገና አጠፉት። "ቤት ኪራዬንም እንደዛው ነው የምከፍለው" ብለው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ከዛ ቀና ብለው አዩኝ። "ባዶ አልጋ ከፍዬ ስመለከተው ከማድር አንቺ ተኚበት። አባትሽ እሺ ካለ።"

እንዴት እንደጮህኩ! ጎረቤት እሳት የተነሳ መስሎት ወጣ። ከዛማ ሒሳብ በሒሳብ ሆንን። አውቶቡስ እስከ አስመራ፣ መንገድ ላይ ማደሪያ፣ ከአስመራ ምጽዋ ባቡር፣ ለማቅለሽለሽ ሎሚ። እትዬ አረጋሽ አዲስ ጫማ ሊገዙ ነበር፣ ተዉት። ሥጋም እስከ ጳጉሜ ተዉ። "ሻይም ያለ ስኳር ነው" አሉኝና ጠጣነው። ወይ መምረር! እየተያየን ፊታችንን እያጨማደድን "ጅቡቲ ደረስን?" "ገና አስመራ ነን" እንባባላለን። በዚህ ዓመት እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ሻይ የለም።

"ረቡዕና አርብስ መርከቡ ላይ ምን ይበላሉ?"

"አሳ ነዋ።"

"የንስሐ አባታችን አባ ተድላ አሳ ይጾማል ይላሉ እኮ።"

"አባ ተድላ ባህር ሄደው አያውቁም።"

የሚከብደው ቀኑ ነበር። መርከቧ በጳጉሜ ተነስታ መስከረም ከጠባ በኋላ ነው የምትመለሰው። ሃምሳ ስምንትን ባህር ላይ ልንቀበል ነው ማለት ነው። አባባ ለአዲስ ዓመት ብቻውን ሊቀር ነው ማለትም ነው። ይህንን ሳስብ ልቅር እላለሁ፣ ከዛ ሥዕሉን አያለሁ፣ ሐሳቡ ይተወኛል።

ሐሙስ ምሳውን ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። አባባን ልለምነው ስፈልግ በኦሮምኛ ነው የምለምነው፣ እናቴ ትለምነው የነበረው እንደዛ ነው። ወፍጮው ይጮሃል፣ ዱቄቱ ይቦናል፣ ጆሮው ስር ተጠግቼ ጮህኩ። ለአዲስ ዓመት ገላና ልሂድ ወይ፣ እትዬ አረጋሽ ይወስዱኛል፣ አልኩት። ገላና በኦሮምኛ ባህር ነው።

አባባ ወፍጮውን አጠፋው። ሰው ቆሞ እየጠበቀ፣ ጤፍ መሃል ላይ፣ አጠፋው!

"ማን ነው ሂጂ ያለሽ?"

"ማንም። እኔ ራሴ ነኝ የፈለግኩት።"

"አንቺ ራስሽ?"

"አዎ አባባ። ብቻህን ትሆናለህ ብዬ ፈርቼ ነው እንጂ ቆይቷል ካሰብኩት።"

አየኝ። ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ፣ ከስሩ ዓይኑ ረጥቧል። "ዴሚ" አለኝ በኦሮምኛ፣ "ሂጂ፣ ደስ ይበልሽ" ብሎ ሳቀ። እኔ ጭቃውን ሳላይ ስልክ ቤት ድረስ በረርኩ። እትዬ አረጋሽ መስመር ላይ ሰው እያለ ያንን የጆሮ ነገር አወለቁና አቀፉኝ። ማልቀሳቸውን ለመደበቅ ደጋግመው አስነጠሱ። በማግስቱ፣ ዛሬ ማለት ነው፣ ሁለት የሰሌን ባርኔጣ አምጥተው አሳዩኝ። አንዱን አደረጉልኝ፣ ትንሽ ሰፋኝ። "ነፋሱ እንዳይወስድብሽ ክር እሰፋበታለሁ" አሉኝ።

እዚህ ድረስ ደስ ይላል አይደል? በቃ እዚህ ላይ ቢያልቅ!

ከሳቸው ወጥቼ ቤት ስገባ አባባ ቀድሞኝ ገብቷል። በቀን! ታጥቧል፣ ጢሙን ተላጭቷል፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ማሰሮ ማር ተቀምጧል።

"የማን ነው?" አልኩት።

"የአያንቱ ነዋ። አክስትሽ ቤት ባዶ እጅሽን ልትሄጂ ነው?"

አክስቴ አያንቱ የት እንደሆነች ታውቃላችሁ? ገላን። በናዝሬት መንገድ ያለችው ገላን። ገላና ስለው ገላን ነው የሰማው! ያ ወፍጮ! ያ ኦሮምኛዬ!

አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ጀምሯል፣ እየተናገረ ነው። አባባ!

"ከእናትሽ ቀብር ወዲህ ደጇን አልረገጥኩም። አርባዋ ሳይወጣ ሚስት አግባ አለችኝ፣ ተቀየምኳት። እሷም ለደግ ብላ ነበር፣ ምን ታድርግ። ስንቴ ልሄድ ተነስቼ ከመንገድ ተመለስኩ መሰለሽ። አንቺ ባታስቢው እኔ መቼ እሄድ ነበር?"

"አባባ..."

"እኔም እመጣለሁ። ለበዓሉ ወፍጮውን ለረዳቴ ለቦጂያ ሰጥቻለሁ፣ ሁሉን ጨርሻለሁ። አዲስ ዓመቱን እዛ እናሳልፋለን። አረጋሽ አትድከም፣ እኔው እወስድሻለሁ።"

"አባባ፣ እኔ ያልኩህ..."

እንድጨርስ ጠበቀኝ። አባባ እኔን ሲጠብቅ አይቼው አላውቅም። ከዛ ቀስ ብሎ፣ "ስታወሪልኝ እሰማለሁ እኮ" አለኝ። "ሁሉንም እሰማለሁ። መልሱ ነው የሚጠፋኝ። ዛሬ ሲገኝልኝ ጊዜ ለፈለፍኩብሽ።"

ባህር እንደሆነ ብነግረው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። አይቆጣም። "እ" ይላል። ማሩን አንስቶ ጥግ ያስቀምጠዋል፣ ወደ ገላንም አይሄድም፣ ወደ ምንም አይሄድም።

"ምን ነበር ያልሽኝ?" አለኝ።

"የምንሄድ ለት በጠዋት እንነሳ፣ አውቶቡሱ ይሞላል፣ ነው ያልኩህ።"

"በጠዋት ነዋ!" አለ፣ ከዛ ስለ አያንቱ ላሞች ያወራልኝ ጀመር።

ትንሽ ሰምቼው "መጣሁ" ብዬ ወጣሁ። አሁን ከስልክ ቤቱ ማዶ ያለው ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠልያለሁ። ነገ ቅዳሜ እትዬ አረጋሽ ቀብዱን ሊከፍሉ ፒያሳ ይሄዳሉ፣ ከከፈሉ አይመለስላቸውም፣ ስለዚህ ዛሬውኑ መናገር አለብኝ። በመስኮቱ ይታዩኛል። አንዱን ሰው ካንዱ ያገናኛሉ፣ ፋታ ሲያገኙ አንገታቸውን ደፍተው ባርኔጣው ላይ ክር ይሰፋሉ። ገላን አብረውን ይምጡ ልበላቸው? ገላን ባህር የለ፣ ምን የለ። አሞኛል ልበል? እሳቸው አስታማሚ ሆነው ይቀሩልኛል፣ ይሄ ደግሞ ይብሳል። ብቻዎን ይሂዱ ማለት አልችልም፣ አፌ አይታዘዝልኝም።

አሁን ቀና ብለው አዩኝ። እጃቸውን እያወዛወዙልኝ ነው፣ ግቢ፣ ግቢ፣ ትበሰብሻለሽ ይላሉ።

መግባቴ ነው። እስቲ በናታችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?