የመርፌ ትራስ

ታላቅየዋን እህት ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም የሚያውቃት «ዘንፋላ» በሚል ነው። ስሙ የወጣላት ፀጉሯ ወገቧን አልፎ ይወርድ በነበረ ጊዜ ነበር። አሁን ፀጉሩ ሄዶ ስሙ ቀርቷል። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው አብራት የምትኖረው ታናሿ፣ ልብስ ሰፊዋ ናት።

የልብስ ሰፊዋ ምላስ እንደ መቀሷ ነው ይላሉ። ደንበኛ «ቀሚሱ ጠበበኝ» ብላ ስትመጣ፣ «ቀሚሱማ ባለበት ነው» ብላ ትመልሳታለች። እህቷ ፊት ሲሆን ግን ያ መቀስ ይደንዛል። ዘንፋላ አንዴ ዐይኗ እንባ ካቀረረ፣ ታናሽየዋ የምትሆነው ይጠፋታል።

የፀጉር ሐኪም ዘንድ አብረው የሄዱትም ለዚሁ ነው። ግድግዳው ላይ «የግንድ ህዋስና የእድገት ቀስቃሽ ሕክምና» የሚል ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል። ከሥዕሉ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌ ሐኪም ደግሞ አናታቸው እንደ እንቁላል መላጣ ነው።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ «መድኃኒቱ እንዲህ ከሠራ ለራስዎ ምነው?»

«አንቺ ደግሞ» ብላ ዘንፋላ በክርኗ ጎሸመቻት።

ሐኪሙ ሳቁ። «የእኔ ሥሩ ሞቷል፣ ልጄ። ይኼ ሕክምና የተኛ ይቀሰቅሳል እንጂ የሞተ አያስነሳም።»

ነገሩንም አስረዷቸው። ከዘንፋላ ክንድ ደም ይቀዳል፣ በማሽን ይሽከረከራል፤ ቀዩ ከታች ሲዘቅጥ ቢጫው ፈሳሽ ከላይ ይንሳፈፋል። እድገት ቀስቃሹ ያለው እሱ ውስጥ ነው፤ በቀጭን መርፌ የራስ ቆዳዋ ውስጥ ይወጋል። ለውጥ ከታየ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይታለፋል፦ ከማጅራቷ ከፍ ብሎ ቆዳ ይቆረጥና አዲስ ፀጉር የሚያበቅለው ግንድ ህዋስ ወጥቶ በሳሳው ቦታ ይገባል።

«ለውጥ ባይታይስ?» አለች ዘንፋላ።

«ካልታየ ራስሽን አንነካም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው፤ ውስጥሽን እንመረምራለን።» ከመሳቢያቸው ነጫጭ ፖስታዎች አውጥተው ሰጧት። «በታጠብሽ ቁጥር የረገፈውን እዚህ ክተቺና አምጪልኝ። ሰው ስለ ፀጉሩ ሲያወራ ይዋሻል፤ እኔ የማምነው ዐይኔን ነው።»

መርፌው ተጀመረ። ዘንፋላ ግን የረገፈውን ማየት አልቻለችም። «አንቺ ሰብስቢልኝ፣ የእኔ እህት» አለቻት። የመጀመሪያው ፖስታ ሆዱ ተነፋ። ዘንፋላ አንስታ በእጇ መዘነችው፣ መልሳ አስቀመጠችው፣ እራቷንም ሳትበላ ተኛች።

በሚቀጥለው እጥበት ልብስ ሰፊዋ ከተሰበሰበው ላይ ቆንጠር አድርጋ ቀነሰች። ቆንጠር ብቻ። ዘንፋላ ፖስታውን አየችና «ቀንሷል አይደል?» አለች፤ ፊቷ ወገግ አለ።

«ቀንሷል» አለች ታናሽየዋ። አልዋሸችም፣ እርግጥም ቀንሷል። ከዚያ በኋላ ቁንጥሩ እፍኝ ሆነ።

የእህቷን ፀጉር ቆሻሻ ውስጥ መጣል ግን አንጀቷ እምቢ አለ። ፀጉር በተሞላ ትራስ ላይ የተሰካ መርፌ አይዝግም ሲባል ሰምታ ስለነበር፣ ከቀይ ከፋይ ቁራጭ ትንሽ የመርፌ ትራስ ሰፋች፤ በላስቲክ የእጅ አንጓዋ ላይ አሰረቻት። በየእጥበቱ ጥግ ጥጓን ፈትታ ትሞላታለች፣ መልሳ ትሰፋታለች። ደንበኞች «እጅሽ ላይ ያበጠው ምንድን ነው?» እያሉ ይስቁባታል። እሷም ቀን ሙሉ መርፌ ትሰካባታለች፣ ትነቅልባታለች።

መጀመሪያ ምንም አልመሰላትም። ቆይቶ ግን ዘንፋላ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ይጥላት ጀመር። ሰው ሁሉ በሙቀት ሲነፍር እሷ ሹራብ ትደርባለች። ድምጿ ሻከረ። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትላለች። ምግብ እንደ ወፍ ነው የምትቀምሰው፣ ቀሚሷን ግን «ትንሽ ልቀቂልኝ» ብላ ሰጠቻት። ልብስ ሰፊዋ ለቀቀችው። ጥቂት ቆይቶ ያው ቀሚስ ተመልሶ መጣ።

ቀሚሱማ ባለበት ነው።

ይህን በሆዷ ስትለው ማሽኑን አቆመች። ሐኪሙ «ውስጥሽን እንመረምራለን» ያሉት ትዝ አላት። ያን ምርመራ የከለከለቻት እሷ ናት፤ በቁንጥር በቁንጥር። እነግራታለሁ ብላ ቆረጠች። ነገር ግን ዘንፋላ መስታወት ፊት ቆማ ስታንጎራጉር ስታያት ሳትነግራት ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

የቀጠሮው ቀን ልብስ ሰፊዋ የመርፌ ትራሷን እንዳሰረች ከሥራ ሮጣ ክሊኒኩ ደረሰች። ሐኪሙ ፖስታዎቹን ጠረጴዛው ላይ በተራ ደርድረዋል፤ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ።

«ግሩም ነው» አሉ። «ዛሬ ቆዳውን እንወስዳለን።»

ዘንፋላ ወንበሩ ላይ ጎንበስ አለች። ነርሷ ከማጅራቷ በላይ ያለውን ፀጉር ገልጣ ጥቂት ላጨችው፤ ከቀረላት ጥቂት ፀጉር ላይ ሌላ ተቀነሰ። ሐኪሙ የማደንዘዣውን መርፌ አነሡ።

«ዶክተር፣ ይቆዩ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ምን ሆንሽ?» አለች ዘንፋላ ቀና ሳትል።

«ፖስታዎቹን አይመኗቸው።»

ላስቲኩን ከአንጓዋ አወለቀች። መርፌዎቹን እየነቀለች ብረት ሳህኑ ላይ ጣለቻቸው፤ ከነርሷ መቀስ ተቀብላ ከፋዩን ሰነጠቀችው። ታምቆ የኖረው ፀጉር ቡፍ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

ሐኪሙ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ይኼ ሁሉ?»

«ይኼ ሁሉ።»

መርፌውን አስቀመጡት። ጣታቸውን ዘንፋላ አንገት ላይ አሳርፈው ዳበሱ። «ይበርድሻል?»

«ሁልጊዜ።»

«ድካምስ?»

«እሷ ነግራዎት ነው?»

«አልነገረችኝም። ጥፋቱም እሱ ነው» አሉና ወደ ነርሷ ዞሩ። «ደም ቅጂላት። የዛሬው ለማሽከርከር አይደለም፣ ለምርመራ ነው። አንገቷ ላይ ያለው የእንቅርት ዕጢ ሳይሰንፍ አልቀረም፤ ፀጉሩን የሚያረግፈው፣ ብርዱንና ድካሙንም የሚያመጣው እሱ ነው።» ልብስ ሰፊዋን ግን ቀና ብለው አላዩዋትም።

እህትማማቾቹ ከክሊኒኩ ወጥተው ጎን ለጎን ሄዱ። ዘንፋላ የተላጨውን ቦታ በመዳፏ እንደሸፈነች ነው።

«ስደቢኝ በቃ» አለች ታናሽየዋ።

«ደስ ብሎኝ ነበር እኮ» አለች ዘንፋላ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ቢኖር ይሻል ነበር። «እነዚያን ቀናት ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን እነሱንም ወሰድሽብኝ።»

ታናሽየዋ ባዶ የቀረ አንጓዋን በእጅጌዋ ሸፈነች።

ቤት ሲደርሱ ዘንፋላ ገላ መታጠቢያ ቤት ገብታ ዘጋች። ውኃው ወረደ፣ ቆመ። ታናሽየዋ እንደ ልማዷ ልትሰበስብ ተነሣች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች።

በሩ ገርበብ አለ። ዘንፋላ እንባዋን ሳትጠርግ እርጥብ መዳፏን ዘረጋች። የራሷን ፀጉር፣ አንድም ሳይቀር፣ ጨብጣዋለች።

«ፖስታ ያዢልኝ» አለች። «የምከተው እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ የፖስታውን አፍ በሁለት እጇ ከፍታ ቆመች።