ግማሽ ቀን ዳዶ

ወልደሩፋኤል ከካናዳ ከተመለሰ ሦስት ዓመት ቢያልፈውም እግሩ ገና መሬት አልያዘም ነበር። ካናዳ ሳለ አገሩን የነካበትን ሰው ሁሉ ሲሟገት ኖረ፤ አገሩ ሲገባ ደግሞ ሙግቱን ገልብጦ ለካናዳ ጠበቃ ሆነ። አዲስ አበባ ኮሌጅ ውስጥ ሎጂክ ያስተምራል። ደመወዙ አያስቀይምም፣ ተማሪዎቹ ያከብሩታል፣ ኮቱን የሚሰቅልበት ቢሮም አለው። ባልንጀሮቹ ግን «ለወልደሩፋኤል የሚስማማው አገር አውቶቡስ ነው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ስለዚህ የመምህራን ልውውጥ የሚባለው ነገር ሲመጣ ቀድሞ የተመዘገበው እሱ ሆነ። ስኮትላንድ ያለ አንድ ኮሌጅ ለአንድ ዓመት አንድ መምህር ይልካል፣ አንድ መምህር ይወስዳል፤ የመንገዱንም የኑሮውንም ወጪ የሚችለው የልውውጡ ድርጅት ነው። ወልደሩፋኤል ተወዳደረ፣ አለፈ። በእሱ ቦታ የሚያስተምረው ሚስተር ክሬግ የሚባል የታሪክ መምህር ትምህርት ሳይጀመር ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ገባ። ረጅም፣ ቀይ ጢማም፣ ያዩትን ሁሉ የሚወድ ሰው ነው። የወልደሩፋኤልን ቢሮ ወደደ፣ የቢሮውን የተሰበረ መስኮትም ወደደ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ዋስ። ኮሌጁ ከዚያ በፊት የላካቸው ሁለት መምህራን የውሃ ሽታ ሆነው ስለቀሩ አዲስ ደንብ አውጥቷል። የሚሄድ ሰው እመለሳለሁ ብሎ ይፈርማል፤ ባይመለስ ደግሞ ተጠያቂ የሚሆን፣ የሥጋ ዘመድ ያልሆነ፣ መሬት ያለው ዋስ ያቀርባል። ነሐሴ ሳያልቅ ዋሱን ካላቀረበ ቦታው ለተጠባባቂው ለአቶ ሀብተጊዮርጊስ ይሰጣል። አቶ ሀብተጊዮርጊስም ደግ ሰው ነውና በየማለዳው «ወንድሜ፣ ዋሱ እንዴት ሆነልህ?» እያለ ይጠይቀው ጀመር።

ወልደሩፋኤል አዲስ አበባ የሚያውቀው ሰው ሁሉ እንደ እሱ ደመወዝተኛና ተከራይ ነው። መሬት ያለው ወዳጅ ያለው በትውልድ ከተማው በነቀምት፣ እሱም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የእናቱ ጎረቤትና የሟች አባቱ ወዳጅ ኦቦ ባቻ። ደውሎ የማይጨርሰው ጉዳይ ስለሆነ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ከመሄዱ በፊት ግን ለማንም ያልነገረው አንድ ነገር አድርጓል። አልጋውን ሸጧል። ለአንድ ዓመት የሚሄድ ሰው አልጋውን እንደማይሸጥ ለማወቅ ሎጂክ መማር አያስፈልግም።

ሚስተር ክሬግ አገሩን ካላየሁ ብሎ አብሮ ተሳፈረ። ከባኮ ወዲህ አውቶቡሱ ጭቃ ሲይዘው ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ገፋ። ክሬግ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ከሾፌሩ ረዳት እኩል ሲጮህ፣ ወልደሩፋኤል ጃንጥላ ይዞ የክሬግን ባርኔጣ ይጠብቅ ነበር። ሲሬ ሲደርሱ የተጠበሰ በቆሎ እሸት የምትሸጥ አንዲት ባልቴት ፈረንጁን አይታ ገበያዋን ተወችና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጉልበቷን አሳየችው። በዚያ አገር ፈረንጅ ማለት የሚሲዮን ሐኪም ነው። ክሬግ ጉልበቱን በትሕትና አየና እሱ የታሪክ መምህር መሆኑን፣ በጣም ማዘኑንም እንዲነግርለት ወልደሩፋኤልን ለመነው። አውቶቡሱ ጥሩንባውን እየነፋ ነው። ወልደሩፋኤልም በኦሮምኛ፣ «ጠዋት ማታ በሞቀ ውሃ እሺው ብሎሻል» አላት። ባልቴቷ ሁለቱንም መረቀች፤ ክሬግም ይህ ሕዝብ ለታሪክ ያለውን አክብሮት በማስታወሻው ጻፈ።

ነቀምት እናቱ ወይዘሮ ሐረግወይን በር ላይ ተቀበሏቸው። ወልደሩፋኤል ነገሩን ሲያስረዳ እኔ በእሱ ቦታ እሄዳለሁ፣ እሱ በእኔ ቦታ ይቀመጣል አላቸው። እሳቸውም ክሬግን ከጫማው እስከ ጢሙ ተመለከቱትና ቃሉን እንደ ተነገራቸው ወሰዱ። ያን ምሽት ክሬግ የወልደሩፋኤል አልጋ ላይ፣ ወልደሩፋኤል መደብ ላይ ተኙ።

«አዲስ አበባ ሲመለስስ የት ነው የሚያድረው?» አሉ ወይዘሮ ሐረግወይን፣ ለልጃቸው ቁርበት እያነጠፉ።

«እኔ ቤት ነዋ፣ እማዬ። አልጋ ይገዛለታል።»

«ያንተስ አልጋ?»

ወልደሩፋኤል የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። እናቱም ሌላ አልጠየቁም፤ ቁርበቱን አስተካክለው፣ ጋቢውን እስከ አንገቱ አልብሰውት ሄዱ። እንደ ልጅነቱ ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ማለዳ ኦቦ ባቻ መጡ። ረጅም፣ ትከሻቸው ሰፊ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸውን በኦሮምኛ ዜማ ይናገሩታል። ክሬግ ቅቤ የጠጣ ጨጨብሳ ፊቱ አቅርቦ በሁለት እጁ ሲበላ አገኙትና ወደዱት። ወልደሩፋኤል ስለ ልውውጡ፣ ስለ ዋሱም በዝርዝር ነገራቸው። ኦቦ ባቻ ሰምተው ሲያበቁ ፊታቸው በራ።

ነገሩ ዳዶ ነው አሉ። ዳዶ ሸዋዎቹ ወንፈል የሚሉት ነው፤ ዛሬ ሁላችን የእኔን እርሻ እናርማለን፣ ነገ ሁላችን ያንተን። ተበልቶ ተጠጥቶ እንደሚለያዩበት እንደ ደቦ አይደለም፤ ዳዶ እጅ ለእጅ ነው፣ የወሰደ ሳይመልስ አያድርም። ፈረንጆች ይህን ማወቃቸው ኦቦ ባቻን እጅግ አስደሰታቸው። እስከ ዛሬ እነዚህ ሰዎች ሊሰጡ እንጂ ሊለዋወጡ የመጡ አይመስላቸውም ነበር።

«ታዲያ ዋስ ምን ያደርጋል፣ ኢልማ ኮ?» አሉ በመጨረሻ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዋሱ እዚህ ተቀምጦ እየበላ አይደለም? የእኛ ሳይመለስ የእነሱ አይሄድም። ቢሆንም መንግሥት ወረቀት ይወዳል። ሰኞ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ሄደን ጣቴን አሳርፋለሁ።»

ወልደሩፋኤል ሊያርማቸው አፉን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት ክሬግ ሽማግሌው ምን እንዳሉ ጠየቀው። «በጣም ወደውሃል» አለው። ወደ ኦቦ ባቻ ዞሮም «ቶሌ» አለ፤ እሺ እንደ ማለት ነው። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም ብሎ የሚሟገተውን ተማሪ በየዓመቱ ክፍል ውስጥ አፈር ድሜ ያበላው ነበር። አሁን ያ ተማሪ የተናገረው ሁሉ ትዝ አለው፤ ክርክሩም ያን ያህል መጥፎ አልነበረም።

ኦቦ ባቻ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ። በነጋታው የእሳቸው ጤፍ ይታረማል፤ የወይዘሮ ሐረግወይን ጤፍ ባለፈው ሳምንት ስለታረመ ይህ ቤት የእጅ ዕዳ አለበት። ወይዘሮ ሐረግወይን ልጃቸው ካናዳ በነበረበት ዘመን ሁሉ ራሳቸው እየወጡ ሲከፍሉ ኖረዋል፤ ዘንድሮ ግን ወገባቸው እንቢ ብሏል። «አንተ አለህ» አሉ ኦቦ ባቻ፣ «ምትክህም አለ። ኑ።»

ክሬግ ይህን ሲሰማ እንደ ሠርግ ጥሪ ቆጠረው።

በነጋታው ዝናቡ ጋብ ብሎ፣ ምድሩ ግን እንደ ገንፎ ሆኖ ጎረቤቱ ሁሉ እርሻው ራስ ላይ ተሰለፈ። እያንዳንዱ ድርሻውን ይዞ ጎንበስ ብሎ እየነቀለ ወደፊት ይሄዳል፤ ቀድሞ የጨረሰ ከወዲያኛው ጫፍ ዞሮ የቀርፋፋውን ድርሻ እያረመ ይቀበለዋል። የአረሙን ሣር ከጤፉ ለመለየት ዓይን ይፈልጋል። ክሬግ በታላቅ ትጋት ጤፉን እየነቀለ አረሙን ይተው ጀመር። ወልደሩፋኤል ደግሞ አንዷን ቅጠል ይዞ ሦስት ጊዜ ያገላብጣል። የባለሱቁ የተረፋ ሚስት ብርቄ ቀና ብላ ሁለቱንም አየችና፣ «ፈረንጁ አረሙን ትቶ እህሉን ያርማል፤ የእኛው ደግሞ ሁለቱንም ትቶ ያስባል» አለች። ረድፉ በሳቅ ተናጋ። ክሬግ ምን እንዳለች ጠየቀ። ወልደሩፋኤል «ጎበዝ ናችሁ ነው የምትለው» አለው፤ ክሬግም ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣት።

ከወልደሩፋኤል አጠገብ ያለውን ድርሻ የያዙት ኦቦ ባቻ ነበሩ። ቀድመው ሄደው ጨርሰው፣ ዞረው የእሱን ድርሻ ከወዲያ እያረሙ መጡ፤ መሐሉ ግድም ጭንቅላት ለጭንቅላት ተገናኙ። ሽማግሌው እየነቀሉ ያወሩ ነበር። ስለ ክሬግ ያሰቡትን ነገሩት። አዲስ አበባ ብቻውን ስለሚሆን ለበዓል እዚህ ይመጣል። ወልደሩፋኤል በአንድ ዓመት ባይመለስ፣ ትምህርት ነውና ሁለትም ሦስትም ቢፈጅ፣ ፈረንጁ እንዳይከፋው አንዲት ጊደር ይሰጡታል። ቤት የሌለው ሰው ከብት ካለው ልቡ ይረጋል። የቤት መሥሪያ ቦታም አስበውለታል፣ ከእርሻው በላይ ባለችው ተዳፋት።

ወልደሩፋኤል የያዘው ሣር እጁ ላይ ቀረ። ተዳፋቷን ቀና ብሎ አያት። ዋርካ አለባት፤ ጥሩ ቦታ ነበረች።

«ኦቦ ባቻ» አለ፣ «ይህ ሰው ሰኔ ሲመጣ ይሄዳል። እኔ መጣሁም አልመጣሁም ይሄዳል። መያዣ አይሆንዎትም። ትናንት ልነግርዎት ይገባ ነበር።»

ኦቦ ባቻ አረማቸውን አላቋረጡም። አንድ፣ ሌላም ነቀሉ።

«አንተስ?» አሉ።

በአማርኛም በእንግሊዝኛም ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀው መልስ ነበረው። ከአፉ የወጣው ግን የልጅነት ኦሮምኛው ነው። «ሂን ቤኩ» አለ፤ አላውቅም። ከዚያም አልጋውን መሸጡን ነገራቸው። ባይመለስ የሚጠየቁት እሳቸው እንደሆኑ፣ የሚነካውም ይኸው የቆሙበት መሬት እንደሆነ ነገራቸው። እንዳይፈርሙም ለመናቸው። ይህን ሲናገር ስኮትላንድ ከእጁ ወጥታ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ኪስ ስትገባ ይታየው ነበር፤ ግን አፉ አንዴ ከተከፈተ አልዘጋ አለው።

ኦቦ ባቻ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። ረድፉን፣ ሰማዩን፣ ከዚያ የወልደሩፋኤልን ጭቃ የለበሰ ጫማ ተመለከቱ።

«ተነሥ» አሉት። «የዛሬው ሥራህ በቃ።»

«አልጨረስኩም እኮ፤ ግማሽ ቀን ነው።»

«ለዚህ ነው ተነሥ የምልህ።»

ከዳር ያለው አጥር ዘንድ ሄደው አንድ እንጨት ሰብረው አመጡና እሱ ያቆመበት ላይ ተከሉት። ከእንጨቱ ወዲያ ገና ያልታረመ፣ አንድ ምንጣፍ የምታህል ጤፍ ቀርታለች። ለረድፉ ሁሉ በኦሮምኛ ጮክ ብለው፣ ይህችን ማንም እንዳይነካት፣ አዴ ሐረግም፣ ወይዘሮ ሐረግወይንን ማለታቸው ነው፣ ከእንግዲህ እዚህ እርሻ ለዳዶ እንዳይገቡ፣ የቤታቸው የእጅ ዕዳ ያለው በልጁ ላይ እንደሆነ ነገሩ። ብርቄ አረሙ ጤፉን ያንቀዋል አለች። «ይነቀው» አሉ። ክሬግ ግን ይህ አልገባውም። ጨዋ ሰው ነውና የጓደኛውን ድርሻ ሊጨርስለት ጎንበስ ሲል ኦቦ ባቻ ኮሌታውን ይዘው ቀስ አድርገው አቀኑት።

ከዚያ ወደ ወልደሩፋኤል ዞሩ። «እመለሳለሁ ብለህ ብትምልልኝ ኖሮ አልፈርምም ነበር» አሉት፣ በዝግታ። «መማል ቀላል ነው። ዳዶ ያለበት ሰው ግን፣ የትም ቢሄድ፣ እንቅልፍ ሲወስደው እርሻውን ያያል። እኔ አባትህን አውቃለሁ። እሱም ሂን ቤኩ ይል ነበር፤ ነገ ወደ ሸዋ እመለሳለሁ እያለ እዚሁ አረጀ።»

ሰኞ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ኦቦ ባቻ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉ። ጸሐፊው የዋስትናውን ግዴታ አንድ በአንድ ሊያነብላቸው ሲጀምር እናውቀዋለን ብለው አስቆሙት፤ ጣታቸውን የጸሐፊው መጋረጃ ላይ ጠርገው ወጡ።

አውቶቡሱ ሲነሣ ወይዘሮ ሐረግወይን ለክሬግ አዲስ ጋቢ ደረቡለት። ለልጃቸው የሰጡት ምክር ብቻ ነው። «የሸጥኸውን አልጋ ሄደህ መልሰህ ግዛው» አሉት፣ «እንግዳ መሬት ላይ አይተኛም።» ከዚያ ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ዓይን ለዓይን ላለመተያየት ግን ሁለቱም ጋቢውን ያስተካክሉ ጀመር።

ሲሬ ላይ ያቺ ባልቴት አውቶቡሱን ስትጠብቅ ነበር። ጉልበቷ ትንሽ ለቀቅ ብሎላታል። አንድ እቅፍ እሸት በመስኮት ለክሬግ አስታቀፈችውና እጁን ሳመች። ክሬግ ግራ ገብቶት ይህ ስለ ምንድን ነው አለ።

ወልደሩፋኤል ከእቅፉ አንድ እሸት አነሣ። ከዚያ ነገረው። ስለ ጉልበቷና ስለ ሞቀው ውሃ ነገረው። ብርቄ በእውነት ምን እንዳለች ነገረው፤ ክሬግ ሆዱን ይዞ ሳቀ። መያዣ ተደርጎ እንደነበር፣ ጊደርና ተዳፋት ታስቦለት እንደነበር ሲሰማ ግን ሳቁን ተወና ጊደሯን አሁንም ቢሆን እንደሚፈልግ ተናገረ። ወልደሩፋኤል ቀጠለ። የሽማግሌውን ቃል፣ የራሱንም፣ አንድ ሳያስቀር፣ አንድ ሳያሳምር አወረደው። እንዲህ ሲተረጉም በጉዞው ሁሉ የመጀመሪያው ነበር፤ እስከ ጌዶ ድረስ ፈጀበት።

«አሁንስ?» አለ ክሬግ።

ከመስኮቱ ውጭ ሰዎች ተሰልፈው ጎንበስ ብለው ያርማሉ። ደመናው ከበስተኋላቸው እየጠቆረ ነው።

«ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው» አለ ወልደሩፋኤል፣ አንድ እሸት እየላጠ። «ከእንጨቱ ወዲያ ያለው አረም ቶሎ ያድጋል።»