አረንጓዴ ክር የታሰረባቸው ጆጎች

ቦሳ አዲስ ሰፈር የተወራው፣ ባርማኑ ዳግማዊ ሃጂ ጠሃን ጠጅ አጠጣቸው ተብሎ ነው። መንደራ ቆጪ ሰፈር ደግሞ፣ ጠጅ የቀመሰ ማንም የለም፤ ዳግማዊ ነው እንጂ በሰው ድግስ መሀል አብዶ፣ የተዘጋጀውን ብርዝ ሁሉ መሬት ላይ የደፋው ተባለ። ሁለቱም ወሬ በባጃጅ ተሳፍሮ ዳግማዊ የሚሠራበት ሆቴል ደረሰና የሆቴሉ ባለቤት የወይዘሮ ሸዋረገጥ ጆሮ ገባ።

ነገሩ የሆነው እሑድ ቀን፣ በሆቴሉ ግቢ በተደገሰ ምርቃት ላይ ነው። ዳግማዊ የማያፈርሰው አንድ ደንብ አለው። አልኮል ለማይጠጡ እንግዶች ጆግና ብርጭቆው ለብቻ ይቀመጣል፣ ለብቻ ይታጠባል፤ የጆጎቹም እጀታ ላይ አረንጓዴ ክር ይታሰራል። ብርዙን ከማር፣ ከዝንጅብልና ከሎሚ የሚበጠብጠው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው አያስነካም። በሥራው አይቀለድም። የቀበሌው ጸሐፊ መታወቂያው ላይ «የሆቴል ሠራተኛ» ሊልለት ሲል፣ «ባርማን በልልኝ» ብሎ ያስጻፈ ሰው ነው።

ያን ዕለት አስተናጋጇ ዮርዲ ክር ያለበት ጆግ ጎድሎ አየች። ክሩን ልብ አላለችም፤ መጠጡ ቢጫ ስለሆነ ጠጅ መሰላት። ከጠጁ ሞላችው። ዳግማዊ ለሃጂ ሊቀዳ ጆጉን ሲያነሳ ሽታው አስቆመው። ዮርዲን ቢጠይቃት የትኞቹን ጆጎች እንደሞላች አላስታወሰችም። ክር ያለባቸውን በሙሉ እንግዳው እያየ ደፋና፣ «ይቅርታ፣ ጠጅ ነክቶታል። አዲስ እስክበጠብጥ ይታገሡኝ» አለ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሃጂ ጠሃ ለልጃቸው ለሩፈይዳ ሰርግ የሆቴሉን አዳራሽ ስለመያዛቸው ቁርጡን ሊናገሩ ቀጠሮ ነበራቸው።

«ጓዳ ወስደህ ዝም ብለህ ብትደፋው ምን ነበረበት?» አሉት ወይዘሮ ሸዋረገጥ፣ ሃጂ ሊደርሱ ሲሉ። «አሁን ሲመጡ፣ ተሳስቼ ነው፣ ምንም አልነካውም በላቸው። አዳራሹን ካልያዙ አንተም ከዚህ ባንኮኒ ጀርባ አትቆምም። ጨረስኩ።»

«ነክቶታል እኮ፣ እትዬ።»

«ማን አየ?»

«አሸተትኩት።»

«እኔ የቀጠርኩት አንተን ነው አፍንጫህን?»

«እሱ ከሌለ እኔን ምን ያደርጉኛል?»

ይህን እየተባባሉ ሃጂ ጠሃ ገቡ። ሰላምታ አቅርበው ቀጥታ ወደ ባንኮኒው ሄዱ።

«ዳግማዊ፣ ጠጥቻለሁ ወይስ አልጠጣሁም? ከተማው ሁሉ ስለ እኔ ለእኔው ይነግረኛል። ወላሂ፣ ራሴን ልጠራጠር ነው!»

ወይዘሮ ሸዋረገጥ ዓይናቸውን አፈጠጡበት። ዳግማዊ የሚወለውለውን ብርጭቆ አስቀመጠ።

«አልጠጡም፣ ሃጂ። ለእርስዎ ልቀዳ ያነሳሁት ጆግ ግን ጠጅ ነክቶት ነበር። ባንኮኒው የኔ ነው፤ ጥፋቱም የኔ።» የዮርዲን ስም አላነሳም።

«ጆጎቹስ?»

ዞር ብሎ አሳያቸው። እሑድ የተደፉት ክራቸው ተቆርጦ ከጠጅ ዕቃው ጋር ተሰልፈዋል። ከነሱ ራቅ ብሎ አዲሶቹ ጆጎች አዲስ ክር ታስሮባቸው ተደርድረዋል።

«አሮጌዎቹ ወደዚያ መደርደሪያ አይመለሱም» አለ፤ አንገቱን ሳይደፋ።

«ጋሪዳ፣ ደግ አድርገሃል» አሉ ሃጂ። ከዚያ ወደ ባለቤቷ ዞሩ። «ወይዘሮ ሸዋረገጥ፣ አይቀየሙኝ፤ አዳራሹን አልይዝም። ሽማግሌዎቻችን መጠጥ ያለበት ቤት አይሆንም ብለዋል። ሰርጉ መንደራ ቆጪ፣ እኔው ግቢ ነው።»

ዳግማዊ እጁን ወደ ኋላ ልኮ ሊፈታው የሽርጡን ቋጠሮ ያዘ።

«ይህን ልጅ ግን አውሱኝ» ብለው ቀጠሉ ሃጂ። «ብርዙንም ጁሱንም እሱ ይበጥብጥልኝ። ከሱ እጅ ከሆነ ማንም ምን ነካው ብሎ አይጠይቅም።»

ወይዘሮ ሸዋረገጥ ክራቸው የተቆረጠውን ጆጎች አዩ። ከዚያ ዳግማዊን አዩት።

«አንተ! እጅህን ከሽርጡ ላይ አንሳ!» ብለው ግቢው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ሰው አይዋስም፣ ሃጂ። ዳግማዊ የኔ ባርማን ነው። የሆቴሉን ሸሚዝ ለብሶ፣ ጆጎቹን ይዞ በኔው መኪና ይመጣል፤ ሲጨርስ ደግሞ እዚሁ ባንኮኒው ጀርባ ይቆማል!»