ከውስጥ የተመታ መስታወት

ሥራዬ መኪና መገምገም ነው። ሰው ያገለገለ መኪና ሊገዛ ሲል ይጠራኛል፤ ከጎማ እስከ ጣሪያ አይቼ አንድ ገጽ እጽፍለታለሁ። ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ። መኪና ዋሽቶኝ አያውቅም፤ የሚዋሸኝ ባለቤቱ ነው። እኔ ደግሞ ውሸት ስሰማ እጄን ይበላኛል። አንድ ጊዜ ደንበኛ ላይ መፍቻ ወርውሬአለሁ። አላገኘሁትም እንጂ ልስተው ብዬ አልነበረም የወረወርኩት። ዘመድ አዝማዱ ይህን ጠባዬን ስለሚያውቅ ሰርግ ላይ እንኳ ከሰው አጠገብ የሚያስቀምጠኝ ተመካክሮ ነው።

የታናሽ እህቴ ባል ደውሎ፣ "መኪናዋን ልሸጣት ነው። ገዢው ያንተን ወረቀት ካላየሁ ብሎ አስቸገረኝ፤ ብቅ በልልኝ" ሲለኝ ቅር አለኝ። መርጬ ያስገዛኋቸው እኔ ነኝ። ትንሽ የቤተሰብ ስቴሽን ዋገን ናት፤ በቤንዚን የምትሠራ፣ ማርሿ በእጅ የሚቀየር። ከውጭ ስትታይ አጭር ናት፤ የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ ግን ፍራሽ ትውጣለች። ከኋላ የተቀመጠ ረጅም ሰው ጉልበቱን አቅፎ አይሄድም። ሰው ሞልቶባት ዳገት ስትጀምር ታማርራለች፤ ማርሽ ቀንሰው ከታገሷት ደግሞ አፏን ዘግታ ትወጣለች። የኋላ በሯ ወደ ላይ ሲከፈት ዝናብ ያስጠልላል። ነዳጅ ላይ ጨዋ ናት፤ ትቀምሳለች እንጂ አትጨልጥም። ለሁለት ልጆች እናት ከእሷ የተሻለ መኪና አላውቅም፤ እህቴም መንጃ ፈቃድ ያወጣችው በእሷ ነው።

ባልየው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ናፍጣ ላይ ነው ያረጀው፤ የቤንዚን ሞተርን "የልብስ ስፌት ማሽን" እያለ ይንቃል። ጨዋታ ያውቅበታል። ሰው የማይደፍራትን እናቴን ሳይቀር በሳቅ አፍርሶ ነው ልጇን የወሰደው። እኔም እወደው ነበር፤ ይህን መደበቅ አልችልም።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ግቢያቸው ጠባብ ነው። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ብረት በሩ አድርጋ ቆማለች፤ ከቤቱ ጀርባ የልብስ ማስጫ ገመድና የሹፌሩ አሮጌ ጎማዎች አሉ። "ቃሪያ" እያልኩ የምጠራት የስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን አጥብቃ አስራለች፤ ትምህርት በሌለበት ቀን ቦርሳዋን አዝላለች። ሌላ ጊዜ አንገቴ ላይ ካልተንጠለጠለች እግሬን አታስነሳኝም ነበር። ዛሬ ቁጭ ብላ አየችኝ።

"እናትሽስ?"

አባቷ ቀድሞ መለሰ። "ራሷን አሟት ተኝታለች። ሴቶችን ታውቃቸው የለ? ና እባክህ፣ ኮፈኑን ልክፈትልህ።"

ኮፈኑን ስንከፍት መጀመሪያ የመጣው የቤንዚን ሽታ ነው። ወደ ሞተሩ የሚገባው የነዳጅ ቱቦ ማሰሪያ ላይ አዲስ የመፍቻ ጭረት አለ፤ ከሥሩም ርሷል። "ይሄን ማን ነካው?" አልኩት። "ማንም" አለ ዓይኑን ሳያሽ። የመጀመሪያዋ ውሸት ይቺ ነበረች፤ ዋጥኳት።

ዞሬ ዞሬ የፊት መስታወቱ ጋ ደረስኩ። በተሳፋሪው በኩል፣ ከተቀመጠ ሰው ግንባር ትይዩ፣ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ስንጥቅ አለ።

"ይሄስ?"

"ጠጠር ነዋ! ከፊቴ ይሄድ የነበረ ገልባጭ አስፈንጥሮብኝ።"

ጠጠር የመታው መስታወት ከውጭ በኩል ትንሽ ጉድጓድ ይኖረዋል፤ ጥፍር ሲሄድበት ይይዛል። ሁልጊዜ የማደርገውን አደረግኩ፤ ጥፍሬን ስንጥቁ መሃል ላይ አስኬድኩት። ጉድጓድ የለም። መስታወቱ ወደ ውጭ አብጧል። በሩን ከፍቼ ገባሁና ከውስጥ መዳፌን አሳረፍኩበት፤ የሰረጎደው በዚህ በኩል ነው። ስንጥቁ ውስጥ ሦስት ረጃጅም የፀጉር ዘለላ ተሰክቷል። የእህቴን ፀጉር ልጅ ሆና እኔ ነኝ ስሠራላት የኖርኩት።

ደሜ ፈላ። መጀመሪያ ያሰብኩት ያንን የሚስቅ አፉን መስታወቱ ላይ ደጋግሜ ማላተም ነበር። እንዴት እንደቻልኩ አላውቅም፤ "ውሃ ልጠጣ" ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። እሱ ስልኩ ጮኾ ገዢውን እያናገረ ውጭ ቀረ።

እህቴ አልተኛችም። ትንሹን ልጇን ታቅፋ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ቆማለች። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች። መንጋጋዋ አብጦ ፊቷ ተጣሟል፤ ስትናገር ከንፈሯ የሚንቀሳቀሰው በአንድ ወገን ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ" አለችኝ።

"ስንት ጊዜ ነው?"

"አትጠይቀኝ። ባለፈው ሳምንት ልጆቹን ጭኜ ዋናው መንገድ ድረስ ሄጄ ነበር። ደረሰብኝና መሪውን ተቀበለኝ። መስታወቱ የዚያን ዕለት ነው። 'እግርሽን ነው የምሸጠው' አለኝ። ትናንት ደግሞ አንድ ቱቦ ነቅሎ ቆየና መልሶ ገጠመው። 'በይ አሁን ሂጂ እስቲ' ብሎ ሳቀብኝ።"

ያኔ ገባኝ። በዚያ ሁሉ ንዴት መሃል ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ናፍጣ መኪና መስመሩ ውስጥ አየር ከገባ አለቀለት፤ በእጅ ተነፍቶ አየሩ ካልወጣ አይነሳም። ሹፌሩ ዕድሜውን ሙሉ ያየው ያንን ነው። የቤንዚኗ ግን የነዳጅ ጋኗ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ አላት፤ ራሷ ገፍታ አየሩን ታስወጣዋለች። በንቀቱ ሳይማራት ቀርቷል።

"ቁልፍ አለሽ?"

የልጁን ካልሲ ገለበጠችና ትርፉን ቁልፍ አሳየችኝ።

"ስሚኝ። ቁልፉን ክፈቺ እንጂ ቶሎ አታስነሺ። ከኋላ ዝዝ ይላል። ዝም ሲል ዝጊና ድገሚ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ አስነሺ። መጀመሪያ እንቢ ብትልሽ አትደንግጪ፤ ትነሳለች። እኔ እሱን ወደ ጓሮ ወስጄ አቆየዋለሁ። የብረት በሩን ገርበብ አድርጌ ነው የገባሁት፤ በመኪናዋ ገፍተሽው ውጪ። ስትወጪ ደርሼብሽ እገባለሁ፤ አክስታችን ቤት እንሄዳለን።"

ክንዴን ያዘችኝ። "አንድ ነገር ማልልኝ። እንዳትነካው።"

"ይሄን እያየሁ?"

"ከጀመርክ አታቆምም። አውቅሃለሁ። ልጆቼ ሌላ ድብድብ እንዲያዩብኝ አልፈልግም። መሄድ ብቻ ነው የምፈልገው።"

"እናታችን ትሙት፣ አልነካውም" አልኳት። ስምል ከልቤ ነበር።

ሹፌሩን "ትርፍ ጎማዎችህንም ልያቸው፤ ዋጋ ይጨምሩልሃል" ብዬ ወደ ጓሮ ወሰድኩት። ዋጋ ሲባል ተከተለኝ። የጎማ መፍቻውን ብረት ይዞ አንዱን ጎማ እየገለበጠ ወሬውን ያወርደዋል፤ እኔ "እ... እ..." እላለሁ፤ ጆሮዬ ግን ከፊት ለፊት ነው። የመኪና በር ተዘጋ። ቀና አለ።

ሞተሩ ተንኳኳና ጠፋ።

ይሮጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ጠቀሰኝ። "ተዋት፣ ትልፋ። አየር አስገብቼበታለሁ። እኔ ካልነፋሁላት እስከ ማታ ብትጨቀጭቃት አትነሳም።"

ለሁለተኛ ጊዜ ተንኳኳና ተነሳ።

ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ እዚያው ደረቀ። ልይዘው እጄን ዘረጋሁ፤ ደረቴን በብረቱ ገፍትሮ አለፈኝ። ጎማዎቹ ላይ ወደቅኩ። ተነስቼ ስደርስ መኪናዋ አፍንጫዋን በሩ ውስጥ ከትታለች። ብረቱን አንስቶ በመሪው በኩል ያለውን የበር መስታወት መታው። መስታወቱ እህቴ ጭን ላይ ተራገፈ። እጁን አስገብቶ ፀጉሯን ጠቀለለና ጭንቅላቷን በመስኮቱ ወደ ውጭ ይጎትተው ጀመር። አንገቷ የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ተጋድሟል። ልጆቹ ከኋላ ይጮሃሉ። እግሯ ፍሪሲዮኑን ለቆ መኪናዋ ትንሽ ሄደችና ከብረት በሩ ምሰሶ ጋር ተጋጭታ ሞተሯ ጠፋ።

ከኋላ አንገቱን አንቄ አላቀቅኩት። እስከዚህ ድረስ ባደረግኩት ማንም አይፈርድብኝም። ብረቱ ከእጁ ወደቀ። ዞሮ ጆሮዬን ነከሰኝ። በግንባሬ አፍንጫውን መታሁት፤ የአጥንቱን ስብራት በራሴ አጥንት ሰማሁት። ወደቀ። ከመኪናዋ ፊት፣ በሩ መሃል ላይ ወደቀ። እዚያ ላይ ነገሩ አልቆ ነበር። ጎትቼ ዳር ላስይዘውና ልንሄድ እንችል ነበር።

ደረቱ ላይ ተቀመጥኩና መታሁት። አንድ ጊዜ ስለ መንጋጋዋ፤ አንድ ጊዜ ስለ ፀጉሯ ዘለላ። ከዚያ ወዲያ ስለ ምንም አልነበረም። እጁን ፊቱ ላይ ሲያደርግ እጁን መታሁት፤ ጣቶቹ ሲሰበሩ ታወቀኝ፤ ደስ አለኝ። ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። "በቃኝ... በቃኝ..." ይላል ደም በሞላው አፉ። እህቴ በተሰበረው መስኮት ትጮሃለች፦ "ጋሼ በቃ! ተነስ ከመንገዱ! ተነስ ልሂድበት!" ሰምቻታለሁ። አልሰማሁም ብል ውሸቴን ነው። ብረቱን ከመሬት አነሳሁ።

ወርዳ መጣች። ብረት የያዘውን ክንዴን ከኋላ ያዘችኝ። ማን እንደሆነ ሳላይ ክርኔን ወደ ኋላ ወረወርኩ። የተሰማኝ ለስላሳ ነገር ነው፤ ከዚያ የጥርስ ድምፅ። ዞሬ ሳይ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ያበጠ መንጋጋዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ በጣቶቿ መሃል ደም እየፈሰሰ።

"እታለም..." አልኩ።

ብረቱን ጣልኩት። ተነሳች። የባሏን እግር ይዛ ልትጎትት ስትል ሮጬ እኔ ጎተትኩትና መንገዱን ለቀቅኩላት። ገብታ ሞተሩን አስነሳች። ወደ ኋላ ትንሽ መለሰቻት፣ ከምሰሶው አላቀቀቻት። በቃላችን መሠረት በተሳፋሪው በኩል ዞርኩና እጀታውን ያዝኩ።

በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።

ጎንበስ ብዬ አየኋት። ፊት ለፊቷን ታያለች። ከኋላ ቃሪያ የወንድሟን ዓይን በመዳፏ ሸፍናለች፤ ከእኔ ነበር የምትሸፍነው። "አውቄ አይደለም" አልኳት በመስታወቱ። ያችን ቃል ባሏ ስንት ጊዜ እንዳላት አላውቅም። መኪናዋ እጀታውን ከእጄ ነጥቃ ሄደች። አክስታችን ቤት በሰላም መድረሷን የሰማሁት ከቀናት በኋላ፣ ከሰው ነው።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር ፖሊሶቹ ሲመጡ። ሹፌሩ ከግድግዳው ሥር ያቃስታል። ሸሚዜ ላይ የሦስት ሰው ደም አለ። የጠራቻቸው ጎረቤቲቱ ናት፤ ስንት ዓመት ከዚህ ቤት ጩኸት ሲመጣ መስኮቷን ስትዘጋ የኖረች ሴትዮ። ዛሬ ከፍታ አይታለች።

አዛውንቱ ፖሊስ ሁለታችንንም አየና ወደ እሷ ዞረ። "ሴትየዋን ሲመታ አየሁ ያልሽን የትኛው ነው?"

ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

ሹፌሩ ሊስቅ ሞክሮ ደም ተፋ። እኔ "ኧረ እኔ ወንድሟ ነኝ" ልል አፌን ከፈትኩ። ፖሊሱ ብዕሩን ይዞ ይጠብቀኛል።

"እውነቷን ነው?" አለኝ።

"እውነቷን ነው" አልኩት።