የቀጭኔዋ አሳዳጊ

ፀጉር ሰሪዋን ደንበኞቿ «ጉምሩክ» ይሏታል። ሳይፈተሽ የሚያልፋት ነገር የለማ። ቅባቱን ከፍታ ታሸታለች፣ የሰጧትን የገንዘብ ኖት ወደ አምፖል አንስታ ታያለች፣ «ደርሻለሁ፣ በር ላይ ነኝ» ብላ የደወለችላትን ደንበኛ እንኳ ወጥታ ታረጋግጣለች። በሻምፖ የተሸወደችው እንግዲህ ይቺው ሴት ናት።

ነገሩ የመጣው በእህቷ ልጅ ነው። እህቷ ከሞተች ወዲህ ልጅቷ እሷ ጋ ናት። የሰጧትን ትበላለች፣ ያሏትን ትለብሳለች፣ ይሄን ግዢልኝ ብላ አታውቅም። ጉምሩክን እንቅልፍ የነሳትም ይሄው ነበር፤ እንዲህ ጨዋ የሚሆነው እንግዳ ነው፣ የቤት ልጅማ ያስቸግራል። አንድ ቀን ግን ልጅቷ የትልቁን የሻምፖ ጠርሙስ ማስታወቂያ አይታ፣ ይሄን የገዛ ሰው ቀጭኔ ያሳድጋል ይላል፣ አለቻት። ድምጿ ውስጥ ልመና ነበር። ጉምሩክ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባውን ሳታነብ ገዛች።

ከሻምፖው ኩባንያ ፎቶ መጣ። ቅጠል የጎረሰች ግልገል ቀጭኔ፣ ከሥሯ «ሎጋ» የሚል ስም። ልጅቷ መስታወቱ ጥግ ላይ ለጠፈቻትና ለገባው ደንበኛ ሁሉ «ልጄ ናት» ትል ጀመር። ዝናብ ሲጥል ሎጋን ይበርዳታል ብላ ትጨነቃለች። ቀጥሎ ደግሞ መቼ ነው ሄደን የምናያት ማለት አመጣች። ይሄኔ የጉምሩክ ጠባይ ተመለሰ። ይቺ ቀጭኔ ለምን አታድግም? ሌላ ፎቶስ ለምን አይመጣም? ኩባንያው ጋ ደወለች፤ ሙዚቃ አስደመጧት። ደግማ ደወለች፤ ያንኑ ሙዚቃ።

ጥርጣሬዋን እውነት ያደረገችው አንዲት ፋርማሲስት ደንበኛዋ ናት። ልትታጠብ አንገቷን ገንዳው ላይ ጣል አድርጋ ስለ ልጇ ቀጭኔ እያወራች ስልኳን አሳየቻት። ያው ፊት፣ ያው ጉንጭ፣ ያው ቅጠል። ስሟ ብቻ «መለሎ» ነው። ጉምሩክ ውሃውን ለቀቀችው። ፋርማሲስቷ ኧረ በረዶ ነው ብላ እስክትነሳ ድረስ የትኛውን ቧንቧ እንደከፈተች አላወቀችም።

የሻምፖው አከፋፋይ ዕቃ የሚያመጣበትን ቀን ጠበቀች። የዚያን ዕለት ልጅቷን አጥባ፣ ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስቀመጠቻት። ካስኩ ሲነፋ እሱ ውስጥ የተቀመጠ ሰው መድፍ ቢተኮስ አይሰማም፤ እሷም የፈለገችው ይሄንኑ ነው።

ሰውየው ካርቶኑን ሳያወርድ ያዘችው። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋ፣ መንትዮች ናቸው ወይ አለችው። ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«እህቴ፣ ምሳሌያዊ እኮ ነው» አላት። «ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ተጽፏል።»

«ምሳሌያዊ ማለት?»

«ማሳደግ ስንል... በቃ ለአባባል ያህል ነው። የምር የሚያሳድግ ሰው የለም።»

«ቀጭኔዋስ?»

«ፎቶዋ አለ።»

አሳዳጊ የበደለህ ልትለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አንድ ነገር ቅር አላት፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ዞር ስትል ካስኩ ሰዓቱ ሞልቶ ጠፍቷል። ልጅቷ ከሥሩ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እንደ ወትሮዋ ጨዋ ሆና ታያታለች። ከመቼ ጀምሮ እንደጠፋ እግዜር ይወቀው።

ሰውየውን ከነካርቶኑ ሸኘችው። ቢጎዲኑን አንድ በአንድ እየፈታች የሎጋን ነገር ከየት እንደምትጀምር ስታሰላስል ልጅቷ ቀደመቻት።

«አክስቴ፣ አንቺም እኔን የምታሳድጊኝ በምሳሌ ነው?»

ስንቱን ሰው በምላሷ ልክ ያስገባች ሴት፣ ማበጠሪያውን አንስታ መልሳ አስቀመጠች።

«በምሳሌ ቢሆን» አለች በመጨረሻ፣ «ምሳሽን ማን ይቋጥርልሽ ነበር?»

ልጅቷ ፈገግ አለች። ጉምሩክም እፎይ፣ ተገላገልኩ አለች።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። አጥሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። አክስቷ በመስኮት እንደምታያት አላወቀችም፤ የምሳ ዕቃዋን አወጣችና ክዳኑን ገለጥ አድርጋ ውስጡን አየች፤ ምሳዋ አለ። ከዚያ ጥርቅም አድርጋ ዘግታው ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደች።