ኮምፒውተሩ እስኪነሳ

ትንሿ ነጭ ክብ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ብረቱም አፉን እንደከፈተ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም።

"አሁን አፍዎን መዝጋት ይችላሉ፣ ጋሼ" አለች ዶክተሯ። "ይቅርታ፣ ኮምፒውተሩ ገና አልተነሳም።"

ብረቱ አፉን ዘጋ። በልቡ ግን እልል አለ።

"ብረቱ" ብለው ስም ያወጡለት የሥጋ ቤቱ ደንበኞች ናቸው። አንድ ቀን ቢላው ስቶ አውራ ጣቱን ሲሸረክተው፣ "እህ" ሳይል በጨርቅ ጠቅልሎ፣ የደንበኛውን ሥጋ መዝኖ ካስረከበ በኋላ ነው ወደ ሐኪም የሄደው። ያ ሁሉ ወንድነት ግን ከአንገት በታች ነበር። ልጅ ሳለ አንድ ጥርስ ነቃይ የታመመውን ትቶ ጤነኛውን ጎረቤቱን ነቅሎበታል። ከዚያ ወዲህ የጥርስ ሐኪም ቤት ባለበት መንገድ ማለፍ እንኳ አይወድም። አሁን ግን ግራ ጉንጩ አብጦ ፊቱ ከሁለት ሰው የተገጣጠመ መስሏል። መብላትም መተኛትም አቅቶታል። አንዲት ደንበኛ "አጥንቱን ቀንስልኝ" ስትለው "ከራስሽ ላይ ቀንሺ!" ብሎ የመለሰላት ዕለት፣ ሚስቱ ሥጋ ቤቱን ዘግታ፣ ክንዱን ይዛ እዚህ አመጣችው። ዶክተሯ ራጅ አነሳችው፤ ለእብጠቱ መድኃኒት ሰጥታ ለዛሬ ቀጠረችው።

ችግሩ ታዲያ ራጁ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ጎን ለጎን የተበላሹ ሁለት ጥርሶች አሉ። ላያቸው ሲታይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የቱ እንደሚነቀል፣ የቱ ተሞልቶ እንደሚድን የሚናገረው ራጁ ብቻ ነው። ዶክተሯም በግምት የምትነቅል ሰው አይደለችም።

ስልኳን አወጣችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የደወለችው ኮምፒውተር ለሚጠግነው ታናሽ ወንድሟ ነው።

"ምን ነካሽበት?" አለ ወንድሟ ገና ሰላም ሳይላት።

"እኔ ምን እነካበታለሁ! አድሺኝ፣ አድሺኝ እያለ በየጠዋቱ ሲጨቀጭቀኝ፣ ትናንት ከሥራ ስወጣ 'እሺ' አልኩት። ዛሬ ስመጣ ሌላ ሰው ሆኖ ጠበቀኝ።"

"አጥፍተሽ አብሪው።"

"ስንት ጊዜ! ከማጥፋትና ከማብራት ሌላ የምታውቀው ነገር የለም?"

"ስሚኝ እህቴ፣ አዲሱ ሲስተም ከባድ ነው፤ ዲስኩ ደግሞ አሮጌ። ሽማግሌ ወገብ ላይ ቁም ሣጥን እንደመጫን በይው። ለዚያውም ሲነሳ ፕሮግራሞቹ በሙሉ 'እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም' እያሉ በር ላይ ይጋፋሉ። ታገሺው፣ ይነሳል።"

"ይታገሱት እንጂ" አለ ብረቱ ከወንበሩ ላይ፣ እንደ ትልቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መቼም ጥድፊያ አይጠቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?"

"እንደ እርስዎ ያለ ታጋሽ በሽተኛ አይቼ አላውቅም" አለች ዶክተሯ ከልቧ። "ለማንኛውም ውጭ አረፍ ይበሉ፣ እጠራዎታለሁ።"

ብረቱ ከዚያ ወንበር ላይ ሲወርድ እግሩ መሬት አልነካም።

መጠበቂያው ክፍል ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ገና የቀለም ሽታ አለው። ሚስቱ መውጫው በር አጠገብ ያለውን ወንበር መርጣ ተቀምጣለች። እሷን ሳያስነሳ የሚወጣ ሰው የለም።

"አለቀ?" አለችው።

"ኮምፒውተሩ ታሟል" አላት፣ ሐዘንተኛ ለመምሰል እየታገለ።

"ፊትህ ግን የዳነ ሰው ፊት ነው።"

"እብጠቱ ነው እንደዚያ የሚያስመስለኝ።"

"እኔን! አንድ ትራስ ላይ ከአንተ ጋር ስንት ዓመት የተኛሁትን!" አለችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደላደለች። "ማሽኑ ይነሳል፣ አንተም ትገባለህ። እኔ እንደሆንኩ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።"

ከፊት ለፊታቸው ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ አንዲት አሮጊት፣ ከጎናቸው ክራባት ያሰረ ሰውዬና አንዲት ነፍሰ ጡር ተቀምጠዋል። ክራባት ያሰረው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

"ይሄ ኮምፒውተር በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?" አሉ አሮጊቷ። "እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ሲሄድ እስካሁን ደርሶ ነበር።"

ነፍሰ ጡሯ ሳቀችና ወዲያው ጉንጯን ያዘች።

በሩ ተከፈተ። "ጋሼ፣ ተነስቷል! ይግቡ!" አለች ዶክተሯ፣ ፊቷ በርቶ።

ሚስቱ በክርኗ ጎሰመችው። እንደ በግ ተነድቶ ገባና ተጋደመ። እውነትም ስክሪኑ ላይ የአበባ ሥዕል መጥቷል። ዶክተሯ የራጁን ፕሮግራም ነካችው። ዝም። ደግማ ነካችው። አበባው ደበዘዘ፣ ስክሪኑ ነጣ፣ ከዚያ ሰማያዊ ሆነ፣ አንድ ጽሑፍም ብቅ አለ፦ ማሻሻያው ስላልተጠናቀቀ ኮምፒውተሩ እንደገና ይነሳል፤ እባክዎ አያጥፉት።

ክቧም መዞር ጀመረች።

"ተመስገን!" አለ ብረቱ።

አምልጦት ነው። በውስጡ ሊለው የነበረውን ጮክ ብሎ አለው። ዶክተሯ ቀስ ብላ ዞረች።

"ምን አሉ?"

ብረቱ ጣሪያውን አየ። ጣሪያው ምንም አልረዳውም። "ዶክተር፣ ልዋሽዎት አልችልም። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ይሄ ማሽን እንዳይነሳ ስጸልይ ነው የዋልኩት። ሥጋ ቆራጭ ነኝ፣ በሬ ገንጥዬ እውላለሁ፤ ግን ያንን ጉጠት ሳይ የሚታየኝ መውጫው በር ብቻ ነው።"

ትስቃለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ጓንቷን አወለቀችና ከጎኑ ካለችው ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"እኔ ደግሞ የምፈራው ያንን ክፍል ነው" አለች በአገጯ ወደ በሩ እያመለከተች። "ክሊኒኩን ከከፈትኩ ገና ሁለተኛ ወሬን መያዜ ነው። እዚህ ሆኜ ወንበር ሲንቋቋ እሰማለሁ። አንድ ሰው ተነስቶ ሄደ ማለት ነው። ጠዋት ሰባት ነበሩ፣ አሁን ሦስት ቀርተዋል። ሄደው ደግሞ ዝም አይሉም፤ 'እዚያች ሴትዮ ጋ እንዳትሄዱ፣ ኮምፒውተር ማስነሳት እንኳ አትችልም' ይላሉ።"

ልክ ያን ጊዜ ከውጭ ወንበር ተንቋቋ። ዶክተሯ ዓይኗን ጨፈነች።

ብረቱ ምን እንደነካው ራሱም አያውቅም። ከተጋደመበት ብድግ ብሎ፣ አንገቱ ላይ የታሰረለትን ወረቀት እንኳ ሳይፈታ በሩን ከፍቶ ወጣ። ክራባት ያሰረው ሰውዬ ቆሞ ኮቱን ይቆልፋል። የብረቱ ሚስት መንገድ ልትለቅለት ተነስታለች።

"ወዴት ነው ወንድሜ?" አለ ብረቱ።

"እስከ መቼ ነው የምንቀመጠው?"

"ተው እንጂ! እንደዚህች ያለች ሐኪም የት ትገኛለች? እጇ ላባ ነው! ትንሽ እንኳ አያምም!"

አሮጊቷ ከነጠላቸው ውስጥ ቀና አሉ። "ነቀለችልህ?"

"ገና ነው፣ እማማ።"

"ታዲያ እንደማያም በምን አወቅክ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው የገዛ ሚስቱ ናት።

"እንዲህ እናድርግ" አሉ አሮጊቷ ዓይናቸውን አብሰው። "አንተ ግባ። እኛ እዚህ ሆነን እናዳምጣለን። ከጮህክ ሁላችንም ወደ ቤታችን፤ ካልጮህክ ተራችንን እንጠብቃለን። ተስማማን?"

ክራባት ያሰረው ሰውዬ የብረቱን ግዙፍ ትከሻና ያበጠ ጉንጭ አየት አድርጎ ተመልሶ ተቀመጠ። "ይሄስ የሚታይ ነገር ነው" አለ።

ብረቱ በገዛ አፉ እንደታሰረ የገባው ያኔ ነው።

ውስጥ ሲመለስ ዶክተሯ ከወንድሟ ጋር እየተጨቃጨቀች ነው። ኮምፒውተሩ በድጋሚ ተነስቷል። ወንድሟ በስልክ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች እያስነበበ አንድ በአንድ ያስጠፋታል።

"የሙዚቃውን አጥፊ። የጨዋታውንም አጥፊ... ለመሆኑ ክሊኒክ ውስጥ ማን ነው ጨዋታ የሚጫወተው?"

"አብሮት የመጣ ነው!"

"እሺ እሺ። ይሄ የአየር ሁኔታ የሚናገረውስ? መስኮት የለሽም?"

"አለኝ፣ አጠፋሁት! ቀጥል!"

"በቃ፣ አሁን የራጁን ክፈቺ።"

ነካችው። ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ ከላይ ወደ ታች እየተጎተተ፣ የብረቱ መንጋጋ ስክሪኑን ሞላው። ዶክተሯ ያለ ድምፅ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች። ከዚያም በጣቷ አሳየችው።

"ይኸው፣ ሥሩ ላይ የጠቆረው ይታይዎታል? ክፉው ይሄ የኋለኛው ነው። የፊተኛው ይድናል።"

ብረቱ አየ። ልጅ እያለ ማንም ያላሳየው ነገር ነው።

ዶክተሯ አዲስ ጓንት ልታደርግ ስትል ቆም አለችና ፊቱን አየችው። "ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ዛሬ ብዙ ደክመዋል። መድኃኒቱን ከቀጠሉ ነገ ቢመጡም ችግር የለውም። ወንድሜ ዛሬ ዲስኩን ይቀይረዋል፣ ነገ እንደዚህ አንቸገርም። ለባለቤትዎም እኔው እነግርልዎታለሁ።"

ይኸውልህ መውጫው። ከጠዋት ጀምሮ የለመነው ይሄንኑ ነበር፤ ለዚያውም ከሚስቱ ቁጣ ድኖ። ብረቱ ወደ በሩ ተመለከተ። ከወዲያ ክፍል ምንም አይሰማም፤ ሰው ጆሮውን ሲያቆም እንደሚሰማው ያለ ዝምታ ነው።

"ማደንዘዣው አለ አይደል?" አለ።

"ምን ጥያቄ አለው።"

"እንግዲያው ነገ ሥራ አለኝ" አለና ወደ ኋላ ተጋደመ። በሁለት እጁ የወንበሩን ክንዶች ጨበጠ።

ዶክተሯ መርፌውን አዘጋጅታ፣ እንደ ልማዷ በሩን ልትዘጋ ተራመደች።

"ተይው ልጄ" አላት ብረቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ እያላት። "ክፍት ይሁን። ይስሙ።"

አፉንም ከፈተ።