ማኅተሙ እንዳይነካ

ባሌ ሀምዲን ዕቃ ገዝቶ ላስቲኩን የሚያነሳ ሰው አይደለም። የቴሌቪዥናችን ሪሞት ከነላስቲኩ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቁጥሩ ስለማይታይ የምንነካው በግምት ነው። ሶፋችን ላይ እንግዳ ሲቀመጥ ይንኮሻኮሻል። ደሴ ውስጥ በንግድ የኖረ ቤተሰብ ልጅ ስለሆነ ዘመዶቹ «ሀምዲን ዕቃ መያዝ ያውቅበታል» ይላሉ። እኔ ግን ዕቃ መያዝና ዕቃ መፍራት ለየቅል መሆናቸውን አሥራ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ ተምሬያለሁ።

የእንቁላል መፈልፈያ ማሽኑን የገዛነው የሠርጌን ወርቅ ሸጬ ነው። ኮምቦልቻ ሙቅ ናት፤ ጫጩት ይስማማታል፤ ፈላጊውም ብዙ ነው። ሀሳቡ የእኔ፣ ወርቁ የእኔ፣ ወደ ደሴ ወጥቶ መግዛቱ ግን የሁለታችን ሆነ። ምነው ብቻዬን በወጣሁ ኖሮ።

ደሴ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ካለ አንድ ሱቅ ገባን። ሻጩ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ማሽኑን በመዳፉ እየመታ አሞገሰልን። «ይሄ እኮ ብረት ነው! ይሄ አይበላሽም፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው» አለ። ሀምዲን ገንዘቡን እንደሰጠው ግን ድምፁን ዝቅ አደረገና ሌላ ሰው ሆነ። «የፋብሪካው ዋስትና ያው አንድ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ እንግዲህ ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ አይታመንም። ለተጨማሪ አራት ዓመት የምንሰጠው ዋስትና አለ።» ለልጅ ልጅ ይተርፍ የነበረው ብረት በአንድ ትንፋሽ የማይታመን ሆነ። እኔ ሳቄ መጣ፤ ሀምዲንን ግን ላብ አጠመቀው። የዋስትናው ዋጋ የማሽኑን ሩብ ያህል ነበር፤ ሀምዲን ከፈለ። በዚያ ገንዘብ መብራት ሲዋዥቅ ዕቃውን የሚያድን ጥሩ ስታቢላይዘር ይገዛ ነበር። ስታቢላይዘሩም እዚያው ከሻጩ ጀርባ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ነበር፤ ማንም አላነሳልንም።

ሀምዲን የዋስትናውን ወረቀት ላሚኔት አስደርጎ ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ ሰቀለው። «አነበብከው?» ስለው «ክብ ማኅተም አለበት» አለኝ። ከማሽኑ ጀርባ፣ ብሎኖቹ ላይ፣ ብርማ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ይህ ማኅተም ከተነካ ዋስትናው ይሰረዛል» ይላል። ሀምዲን ወረቀቱ በአቧራ እንዳይላጥ ብሎ ላዩ ላይ ሁለት ዙር ፕላስተር ለጠፈበት።

እንቁላሉን ያመጡልኝ የኩታበሯ እትዬ አባይነሽ ናቸው። የአበሻ ዶሮ እንቁላል ከየጎረቤቶቻቸው ሰብስበው፣ በጭድ አድርገው፣ ሁለት መቶ ስድሳ አራት ቆጥረው አስረከቡኝ። ከሚፈለፈለው እኩሉ የእኔ፣ እኩሉ የእነሱ ነው።

«ማሽኑ እንቢ ቢልሽስ ልጄ?» አሉኝ።

«እኔ አለሁ፣ እትዬ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ወረቀት አላስፈረሙኝም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ መናኸሪያው ሄዱ።

በሰባተኛው ቀን እንቁላሎቹን በስልኬ መብራት አንድ በአንድ አየኋቸው። ቀጫጭን ቀያይ ክሮች፣ መሀላቸው የምትንቀሳቀስ ነጥብ። ሱብሐነላህ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑ ያለበት ክፍል ስገባ ጫማዬን አወልቅ ነበር።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጠዋት መብራት ሄደ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሲመለስ አምፖሉ ከወትሮው ይልቅ ነጭ ሆኖ ቦግ አለ፤ ማሽኑም ጭጭ አለ። ማራገቢያው ቆሟል፤ የሙቀቱ ቁጥር ጠፍቷል። ሮጬ አግማስን ጠራሁት። አግማስ ከእኛ ሁለት በር አልፎ ቴሌቪዥንና የውሃ ፓምፕ የሚጠግን ጎረቤታችን ነው። ጆሮውን አስጠጋ፤ በአፍንጫው አሸተተ።

«ፊውዟና አንዲት ትንሽ ዕቃ ናት የተቃጠለችው። እኔ ጋ አለች። አሥር ደቂቃ ስጪኝ» ብሎ ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣ።

ሀምዲን ከየት መጣ ሳይባል በአግማስና በማሽኑ መሀል ገባ። «በአላህ ይዤሃለሁ አግማስ፣ ማኅተሙ እንዳይነካ!»

«ወንድሜ፣ እንቁላሉ እየቀዘቀዘ ነው።»

«የአምስት ዓመት ዋስትና አለው!»

«እንቁላሉ የቀረው ሦስት ቀን ነው» አልኩ እኔ።

አልሰማኝም፤ ሱቁ ጋ እየደወለ ነበር። አንዲት ልጅ እግር ድምፅ ቅሬታው መመዝገቡን፣ ባለሙያ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ እንደሚመጣ ነገረችው። ሀምዲን የቅሬታውን ቁጥር መዳፉ ላይ ጽፎ፣ ልክ ማሽኑ የተሠራ ይመስል፣ ፊቱ በርቶ አሳየን። «አብሽሩ፤ ተመዝግበናል!» አለ። ከዚያ ዱካ አምጥቶ ጀርባውን ለማሽኑ ሰጥቶ ተቀመጠ። አግማስ ካቻቢቴውን ኪሱ ከትቶ አንገቱን እየነቀነቀ ወጣ።

እዚህ ላይ ሀምዲንን ብቻ ሰድቤ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ገፍቼው ማሽኑን ማስከፈት እችል ነበር፤ አላስከፈትኩም። «የገዛ ወርቅሽ ነው እኮ ኢንሻራህ፤ አምስት ዓመት ሙሉ በአሥር ደቂቃ ልትጥይው ነው?» ሲለኝ ወርቄ ትዝ አለኝና ፈራሁ። በእሱ ሪሞት ስስቅ የኖርኩ ሴትዮ አንዲት ብርማ ወረቀት ፈራሁ። እንቁላሎቹን በብርድ ልብስ ሸፍኜ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ እየሞላሁ መሀላቸው እየደረደርኩ አንድ ቀን ተኩል ቆየሁ። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ሀምዲን ላሚኔቱን በብብቱ ይዞ፣ ሻጩን ፊት ለፊት ሊለምን የሐረጎን ዳገት አቋርጦ ወደ ደሴ ወጣ። ቀትር ላይ ጠርሙስ ልቀይር ብርድ ልብሱን ስገልጥ ከዳር ያለች አንዲት እንቁላል ተሰንጥቃለች። ቀዳዳዋ ጥፍር ታህል ነበር፤ ምንቃር ይታያል። ጭው፣ ጭው አለች። በሁለት እጄ አቅፌ ተነፈስኩባት። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ እጄ ላይ ጠፋ።

በባዶ እግሬ አግማስ ደጅ ቆሜ ጮህኩ።

ከማኅተሙ ይልቅ ያስቸገረን የሀምዲን ፕላስተር ነው። በቢላ ቀደን አነሳነው። አግማስ አሥር ደቂቃ ያለው ዋሽቶ ነበር፤ ሰባት ደቂቃ ነው የፈጀበት። ማራገቢያው ሲዞር፣ ቁጥሩ ሲበራ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የተቃጠለችውን ዕቃ በመዳፌ አስቀመጠልኝ፤ ከባቄላ አትበልጥም።

ሀምዲን ከመግሪብ በፊት ተመለሰ። ሻጩ ሻይ ጋብዞት፣ ቅሬታው መመዝገቡን አረጋግጦለት ሸኝቶታል። የማሽኑን ጀርባ ሲያይ ከደሴ ያመጣው ፈገግታ ወረደ።

«ምን አደረግሽ?»

«አሞቅሁት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፈኝ። እኔም አልቸኮልኩም።

ስድሳ አንድ ጫጩት ተፈለፈለ። ከሁለት መቶ ስድሳ አራት ስድሳ አንድ! ሌሎቹ ቅርፊታቸው ውስጥ ቀርተዋል፤ በባልዲ አውጥቼ ጓሮ ቀበርኳቸው። ሰኞ ዕለት እትዬ አባይነሽ ትልቅ ቅርጫት ይዘው መጡ። የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኳቸውና ስድሳ አንዱንም ጫጩት በካርቶን አቀረብኩላቸው።

«እኩሉ ያንቺ ነው እንጂ ልጄ» አሉ።

«አለሁ ብዬዎት የለም፣ እትዬ? ይውሰዷቸው።»

ብዙ ከተግደረደሩ በኋላ እሺ አሉ። ቀና ሲሉ ግድግዳው ላይ የሚያብለጨልጨውን ላሚኔት አዩ።

«ያ ምንድን ነው?»

«ማሽኑ ቢበላሽ እንሠራለን የሚል ወረቀት ነው።»

«ታዲያ መጥተው ሠሩት?»

«ገና ናቸው።»

«እሰይ፣ ማንበብ አለመማሬ» አሉና ወደ ቅርጫታቸው ጎነበሱ። ባዶ መስሎኝ ነበር። ጭዱን ሲገልጡት ሰባ እንቁላል አለ። «በይ ደግመሽ ሞክሪ» አሉኝ። በዚያች ደቂቃ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ባለሙያው በስምንተኛው የሥራ ቀን መጣ። ንጹሕ ቱታ ለብሷል፤ ደረቱ ላይ ስሙን አንጠልጥሏል። ሀምዲን ሚሪንዳ ከፈተለት። ባለሙያው ግን ማሽኑ እየሠራ መሆኑን ቀና ብሎ አላየም፤ ቀጥታ ጀርባውን ዞረና «ማኅተሙ ተነክቷል፤ ዋስትናው ተሰርዟል» ብሎ ወረቀቱ ላይ ጻፈ።

«አየሽ?» አለኝ ሀምዲን። ከስንት ቀን በኋላ መናገሩ ነው።

«ባይነካስ ኖሮ?» ብዬ የተቃጠለችውን ዕቃ ለባለሙያው ሰጠሁት።

ገልበጥ አድርጎ አያት። «ይቺማ በመብራት መዋዠቅ የተቃጠለች ናት። አንቀጽ አሥራ አንድ፤ መዋዠቅ አይሸፈንም።»

ኮምቦልቻ ውስጥ መብራት ሳይዋዥቅበት ዕቃው የተቃጠለ ሰው ካለ ይምጣና ይየኝ። ሀምዲን ላሚኔቱን ከግድግዳው አውርዶ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበው። አንቀጽ አሥራ አንድ እዚያው ነበር፤ ከክቡ ማኅተም ሥር፣ በደቃቃ ፊደል።

ባለሙያው ያዘነለት መሰለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ያው የሻጩ ድምፅ ነው፤ አንድ ቦታ ሳያስተምሯቸው አይቀርም። «መዋዠቅንም የሚሸፍን አዲስ ዋስትና ጀምረናል። ዛሬ ከተመዘገቡ ማኅተሙን እኔው አድስልዎታለሁ።»

የሀምዲን እጅ ወደ ኪሱ ሄደ። ወላሂ ሄደ።

ያቺን የተሰነጠቀች እንቁላል ከሌሎቹ ጋር አልቀበርኳትም ነበር። ለምን እንዳስቀረኋት አላውቅም፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ከውጭ መስኮቱ ላይ አኑሬያት ነበር። አመጣኋትና በሀምዲን ሌላኛው መዳፍ ላይ አስቀመጥኳት። ሽታዋ ክፍሉን ሞላው።

«ይቺንም ይሸፍን እንደሆነ ጠይቀው» አልኩት።

ባለሙያው አፍንጫውን ይዞ ወደ በሩ ሸሸ። ሀምዲን እንቁላሏን አየ፤ በቀዳዳዋ የወጣውን የደረቀ ምንቃር አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ እጁን ከኪሱ ባዶውን አወጣና በላይዋ ከደነባት።

የእትዬ አባይነሽ ሰባ እንቁላሎች ዘጠነኛ ቀናቸው ነበር። ማራገቢያው ይዞራል። የማሽኑን ጀርባ ክፍት እንደሆነ ትቼዋለሁ፤ ብሎኖቹ አግማስ ጋ ናቸው።